ተጠርተው የተቆጠሩ

በጀልባ ብቻ የሚደረስባት የዓሣ አጥማጆች መንደር፣ የኩምዛር ሰው፣ አልቅሶ ያስቸገረ ልጅ ካለው ጀልባ ላይ አውጥቶ ያስቀምጠዋል፤ ባሕሩ ያባብልለታል። ሙዝና ግን በባሕር ብቻ የምትባበል ልጅ አልነበረችም። አምስት ዓመት ሳይሞላት አባቷ ለሥራ ብሎ ድንበር አልፎ ወደ ራስ አል-ኸይማ ከተማ ተሻገረና እዚያው ሌላ ትዳር ይዞ ቀረ። እናቷ ልጇን ታቅፋ ወንድሟ ቤት ገባች። ልጅቷም ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲነጋም ሲመሽም ታለቅስ ጀመር። ጎረቤት ሳይቀር ተማረረ።

የእናቷ ወንድም ዑበይድ ነኾዳ ነበር፣ የጀልባ አዛዥ። ሰፊ ትከሻ፣ ትንሽ ወሬ። አንድ ጠዋት እህቱን "አምጪያት እስቲ" አለና ልጅቷን አንጠልጥሎ ወደ ባሕሩ ወረደ። በተራሮቹ መካከል ገብቶ ወደሚተኛው የባሕር ክንድ ሲደርስ ሞተሩን አቀዘቀዘ፤ ከመሪው ኋላ ቆሞም በባዶ ተረከዙ የጀልባውን ወለል መታ። ዱም፣ ዱም። ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ ቶሎ ቶሎ ሦስት ጊዜ፤ ዱም ዱም ዱም። ደግሞ ደገመው። ብዙም ሳይቆይ ከጀልባው ጎን ውኃው ተሰነጠቀና የዶልፊን ግራጫ ጀርባ ብቅ አለ፤ ከሱ ኋላ ሌላ፣ ከዚያም ሌላ። ልጅቷ አፏን ከፍታ ቀረች። ለቅሶዋ የት እንደገባ አልታወቀም።

"አየሽ አይደል?" አላት ዑበይድ፤ "ሲጠሩት የሚመጣ እያለ፣ ለሄደ አይለቀስም።"

ሙዝና ይህን ቃል ይዛ አደገች። ሌላው ልጅ አባቱን ሲያምን እሷ የአጎቷን ተረከዝ አመነች ቢባል ማጋነን አይሆንም። አድጋም ወደ ዋና ከተማዋ መስቀጥ ሄደች፣ ስለ ሕይወት ያላቸው ነገሮች ተማረች፣ ተመልሳ ኸሰብ ከተማ የሴቶች ትምህርት ቤት የሳይንስ አስተማሪ ሆነች። በየሳምንቱ መጨረሻ ጀልባ ተሳፍራ ኩምዛር ትገባለች፤ ያደገችበት ቤት ከእናቷና ከአጎቷ ጋር ታድራለች።

እሷ ትምህርት ላይ ሳለች ዑበይድም ሥራ ለውጦ ነበር። መረቡን ለወንድሙ ልጆች ትቶ ትልቅ የእንጨት ጀልባ አስሠራ፤ ወለሉን በምንጣፍ፣ ዳር ዳሩን በትራስ ሞላውና ከየሆቴሉ እንግዳ እየጫነ ዶልፊን ማሳየት ያዘ። እንግዶቹ ያጨበጭባሉ፣ ያፏጫሉ፤ ዶልፊኖቹም ጀልባው በሚፈጥረው ማዕበል ላይ ይንሸራተታሉ። ሥራው ደራ። የሥራውን መድራት ያየ ሁሉ ጀልባውን በትራስ ሞላ። በብርዱ ወራት በዚያ የባሕር ክንድ ውስጥ ዶልፊን ከመታየቱ በፊት ጀልባ የሚታይበት ጊዜ መጣ።

ያን ጊዜ ነው ከመስቀጥ ቆጣሪዎች ይመጣሉ የሚለው ወሬ የተነሳው። ዶልፊኖቹ ጥቂት ሆነው ከተገኙ ጀልባ ይቀነሳል ተባለ። ገበያውም መስጊዱ ደጃፍም በዚሁ ወሬ ታመሰ።

የቆጣሪዎቹ አለቃ ዶክተር ነስራ የምትባል ረጋ ያለች ሴት ነበረች። ዓይናቸው የሚያይ፣ ማዕበል የማያዞራቸው ሰዎች ስትፈልግ ሙዝናንና በዚያው ትምህርት ቤት ሒሳብ የምታስተምረውን ጦይባን አገኘች። ሁለቱ ሴቶች አንድ መኝታ ክፍል ተካፍለው የተማሩ ጓደኛሞች ናቸው።

"እንዴት ይቆጠራል ግን?" አለቻት ጦይባ። "ፍየል እኮ አይደለም በበር አይገባ። ይሰምጣል፣ ይሮጣል፣ መልኩ ሁሉ አንድ ነው።"

"አይቆጠርም፤ ይገመታል" አለች ዶክተር ነስራ። "በካርታው ላይ ቀጥ ያሉ መስመሮች አሉን። ጀልባው በነሱ ላይ ብቻ ይሄዳል፤ ዶልፊን ታየ ብሎ አይዞርም። ስታዩ ምን ያህል እንደሚርቅና በየት አቅጣጫ እንደሆነ ትናገራላችሁ። ሩቅ ያለው ብዙ ጊዜ ያመልጣል፤ ቅርብ ያለው አያመልጥም። ከዚያ ተነስተን ያመለጠንን እናሰላለን። ሁለት ተመልካች ያስፈለገኝም ለዚሁ ነው። አንዷ ጣሪያ ላይ፣ አንዷ ታች። አትተያዩም፣ አትነጋገሩም። አንዷ አይታ ሌላዋ የሳተችው ስንት እንደሆነ ሳውቅ፣ ሁለታችሁም የሳታችሁትን እገምታለሁ።"

"ታዲያ የዓለም ባሕር ሁሉ እንዲህ ነው የተቆጠረው?" አለች ሙዝና።

ዶክተር ነስራ ሳቀች። "የዓለሙን ማን ያውቀዋል ብለሽ ነው! ሚሊዮኖች ናቸው እንላለን፣ ደፍረን። ያ ቁጥር ግን እንደ ድሪቶ የተሰፋ ነው። አንዱ አገር የራሱን ዳርቻ ይገምታል፣ ሌላው የራሱን፤ ጭራሽ ያልታየው ይበዛል። እኛ ቁራጫችንን ንጹሕ አድርገን መስጠት ነው። የተበላሸች ቁራጭ ከገባች የሚሰፋው ሰው በምን ያውቃል?"

የቀረው ጀልባ ነበር። ሙዝና ሰከንድ አላመነታችም። "የአጎቴን ጀልባ ውሰዱ" አለች። "ያንን ባሕር እንደ እጁ መዳፍ ነው የሚያውቀው። ለሱ እኔ ዋስ ነኝ።"

ዶክተር ነስራም ዑበይድን አስጠርታ ሕጉን ነገረችው። ዶልፊኖቹ ጀልባው ሳይታያቸውና ሳይጠራቸው ባሉበት መገኘት አለባቸው፤ ወደ ጀልባው ከመጡ ቁጥሩ ያብጣል። ስለዚህ ፉጨት የለም፣ ማንኳኳት የለም፣ ፍጥነት መቀያየር የለም። ዑበይድ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ "በዓይኔ፣ በራሴ" አለ። ሙዝና አጠገቡ ቆማ በኩራት ልቧ ሊፈነዳ ደረሰ።

ሥራው ተጀመረ። ሙዝና ጣሪያው ላይ፣ ጦይባ ከፊት ታች፣ በመካከላቸው ሸራ ተዘርግቶ። ከጀልባው ኋላ በገመድ የታሰረ ድምፅ መቅጃ ውኃ ውስጥ ይጎተታል። ነፋሱ የሙዝናን ሻሽ ያርገበግበዋል፤ ፀሐዩ በውኃው ላይ እየነጠረ ዓይኗን ያቃጥላታል። መጀመሪያ ላይ ያዩት ጥቂት ነበር። ዶክተር ነስራ አብራቸው ሰንብታ ወደ ሌላው ዳርቻ ሥራ ሄደች፤ ሦስቱ ቀጠሉ። ከዚያ ወዲህ ዶልፊኖቹ ይታዩ ጀመር። ሙዝና ባሕሩን ማንበብ ለመድኩ፣ ዓይኔ ተሳለ ብላ ደስ አላት።

ቀትር ላይ ሞተር አጥፍተው ሩዝና ዓሣ ይበላሉ። ዑበይድ ሁልጊዜም የዓሣውን ጉንጭ፣ ያቺን የምትጣፍጥ ቁራጭ፣ በጣቱ አውጥቶ ለእህቱ ልጅ ያጎርሳታል።

"ዛሬስ እንዴት ነው? በዙ?" ይላታል።

"አይነገርም አጎቴ። ጦይባ ትሰማለች።"

"ኧረ ለኔ በጆሮዬ!"

"አንተ ደግሞ፣ መሪህን ያዝ!" ይሳሳቃሉ። ጦይባ ግን አንገቷን ደፍታ ትበላለች። ሙዝና ማዕበሉ ከብዷት ይሆናል ብላ አለፈችው።

ግምቱ ደርሶ ኸሰብ አዳራሽ ውስጥ ሰው ተሰበሰበ። ቁጥሩ ማንም ካሰበው በላይ ትልቅ ነበር። ዶክተር ነስራ "የአገራችሁ ልጅ ታስረዳችሁ" ብላ ሙዝናን ወደ ፊት አወጣቻት። ሙዝናም ስለ መስመሮቹ፣ ስለ ሁለቱ ተመልካቾች፣ ስለ ሸራው በሚገባ አስረዳች። አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ከኋላ ተነስቶ፣ "ልጄ፣ ያንኑ ዶልፊን ሦስቴ አራቴ ቆጥራችሁት ቢሆንስ?" አላት።

"አባቴ፣ ያ እንዳይሆን ነው ይህ ሁሉ ድካም" አለች። "ጀልባው ማንንም አልጠራም። ይህን በራሴ ስም እመሰክራለሁ።"

አዳራሹ ሳቀ። ለምን እንደሳቀ አልገባትም፤ ደስታ መሰላት። ጀልባ የሚቀነስበት ምክንያት ጠፋ፤ ኩምዛር በእልልታ ተናወጠ። ዑበይድ ፍየሎች አሳረደ። ሴቶቹ ሙዝናን እየጎተቱ ይስሟታል። አንዷ ጎረቤት ጉንጯን ቆንጥጣ፣ "አንቺ እባብ! እንዲያ ፊትሽን ኮስተር አድርገሽ! ለወገኑ የሚያውቅ እንዳንቺ ነው" አለቻት። ሙዝናም ሳቀች። የዋህ ሰው ሲወደስ አይመረምርም።

ዑበይድ በዚያ ሰሞን ሁለተኛ ጀልባ ሊያሠራ ከአንድ የሆቴል ሰው ጋር መስማማቱን ነገራቸው። ሙዝና እሱንም በደስታ ሰማችው።

ከዚያ በኋላ ነው ዶክተር ነስራ የደወለችው። ሙዝና በሁለት ክፍለ ጊዜ መካከል የመምህራን ክፍል ውስጥ ደብተር እያረመች ነበር።

"ሙዝና፣ ከውኃው የተቀዳውን ድምፅ ገና አሁን እያዳመጥኩት ነው። አንድ የሚያንኳኳ ነገር አለ፤ የላላ ሳንቃ ይሆን ወይስ ሞተሩ? እልክልሻለሁ፤ አጎትሽን ጠይቂልኝ። ለሒሳቡ ያሰጋኛል።"

ሙዝና ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጠፈችው። የሞተር ጉርምርምታ። የውኃ ሹክሹክታ። ከዚያ ዱም፣ ዱም። ዝምታ። ዱም ዱም ዱም። ትንሽ ቆይቶም ከሩቅ ቀጭን የዶልፊኖች ፉጨት ተሰማ፤ እየቀረበ፣ እየበዛ፣ እየተንጫጫ።

ክው ብላ ቀረች። ደግማ ሰማችው። ሌላ ቀን የተቀዳውንም ከፈተች፤ ያው ነው። ባሕር ላይ ብዙ ነገር ይንኳኳል፣ ሳንቃም ይላላል። ይህን ምት ግን እሷ ከእንቅልፏ ብትቀሰቀስም ትለየዋለች። በዓለም ላይ ለሷ ብቻ የተመታ ይመስላት የነበረ ምት ነው። ደወል ተደወለ፤ ክፍል ገባች፤ ምን እንዳስተማረች አታውቅም።

ከትምህርት በኋላ ጦይባን በግቢው ግንብ ሥር ያዘቻት።

"አጎቴ ወለሉን ሲመታ ሰምተሻል?"

ጦይባ ትክ ብላ አየቻት። "ምን ማለትሽ ነው?"

"ሰምተሻል አልሰማሽም?"

"ኧረ ሙዝና! እግሬ ሥር ነበር እኮ፤ ሳንቃው ሁሉ ይንዘረዘራል። አንቺ ታውቂ የለም እንዴ?"

"እኔ? እኔ ጣሪያ ላይ ነፋስና ሞተር እየሰማሁ በምን አውቃለሁ!"

"ወላሂ የምታውቂ መስሎኝ ነው። አጎትሽ፣ ጀልባው ያጎትሽ፣ አንቺው ያመጣሽው። በቤተሰብ የመከራችሁት ነገር ነው ብዬ ተውኩት። 'ሙዝና ሰው ፊት እንዲነሳ አትወድም' ብሎኝ ነበር። አገሩ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያውቀው።"

ሙዝና ግንቡን ተደገፈች። የአዳራሹ ሳቅ፣ የጎረቤቷ ቁንጥጫ፣ የሴቶቹ ስሞሽ አንድ በአንድ ፊቷ ላይ ተደቀኑ። ለካ የሳቁት በደስታ አልነበረም፤ ውሸቷን አሳምራ በመዋሸቷ ሲያደንቋት ነው። ከነሱ ሁሉ መካከል ያልዋሸችው እሷ ብቻ ነበረች፤ ያልዋሸች መሆኗን የማያውቁትም እነሱ ሁሉ ናቸው።

"አንቺስ?" አለቻት ጓደኛዋን። "እንደዚያ ያለች ሴት ናት ብለሽ አመንሽብኝ?"

ጦይባ እጇን ልትይዛት ስትል ሙዝና እጇን አሸሸች።

በማግስቱ ኩምዛር ገባች። ዑበይድ ጀልባው ላይ ተቀምጦ የትራስ ልብስ ይሰፋ ነበር። ሲያያት ፊቱ በራ።

"ነይ ነይ፣ ይህን ክር አስገቢልኝ፤ ዓይኔ ደክሟል።"

እሷ አልተቀመጠችም። ስልኳን አውጥታ ድምፁን ከፈተችው። ዱም፣ ዱም። ዑበይድ መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰክቶ ተወው። እስከ መጨረሻው አዳመጠ።

"በደንብ ይቀዳል ይሄ ነገር" አለ።

"ለምን አደረጉት?"

አንቱ እንዳለችው ራሷም ያወቀችው ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው። በዕድሜዋ አንቱ ብላው አታውቅም። እሱም ሰማው፤ ቀና አለ።

"ምን አደረግሁ? ያልነበረ ዶልፊን ፈጠርኩ? እነሱ እኮ እዚያው አሉ። እንዲቆጠሩ ጠራኋቸው፣ መጡ። ሰው ቤቱ እንግዳ ቢጠራና ቢመጣ፣ እንግዳው ውሸት ነው?"

"ያው እንግዳ ነው በየመስመሩ ተመላልሶ የመጣው! አንዱን መንጋ እየጠሩ አሥር መንጋ አስመሰሉት። ቃል ኪዳኑስ? እጅዎን ደረትዎ ላይ አድርገው አልነበረም?"

"ለዚያች የመስቀጥ ሴት ነው ቃል የገባሁት።"

"ዋሱ እኔ ነበርኩ!"

"አንቺ ደግሞ የማን ልጅ ነሽ? የበላሽው ከዚህ ባሕር፣ የተማርሽው ከዚህ ባሕር። ጀልባ ይቀነስ ሲሉ የማን የሚቀነስ መሰለሽ? የትልልቆቹ? የኛ ነው። እኔ ቤቴን ጠበቅሁ። አንቺም የጠበቅሽ መሆንሽን ሰው ሁሉ ያውቃል፣ ያከብርሽማል። ምን ጎደለብሽ?"

"ነግረዋቸዋል ማለት ነው። በኔ ስም።"

ዑበይድ ዓይኑን ወደ ትራሱ መለሰ። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ይባላል፤ ሙዝና የወደቀችው ግን ከዚያም በጠለቀ ገደል ነው። አታልሏት ብቻ ቢሆን ኖሮ አንድ ነገር ነው። እሱ ግን ስሟን ወስዶ እሷ ሳታውቅ ሌላ ሴት ሠርቶበታል፤ አገሩም ያችን ሌላ ሴት ነው የሚስመው።

"ለዶክተር ነስራ እነግራታለሁ" አለች።

"ታደርጊዋለሽ?" ድምፁ ያኔ ብቻ ተሰበረ። "ልጅ አድርጌ ያሳደግሁሽ..."

"ለዚያ እኮ ነው" አለችና ወረደች።

ደወለች፤ ሁሉንም ተናገረች። ዶክተር ነስራም "ቁጥሩን እንሰርዘዋለን" አለች። አልወቀሰቻትም፤ ሙዝና ግን ብትወቅሳት ትመርጥ ነበር። ወሬው ኩምዛር ሳይውል ሳያድር ገባ። እናቷ ስልክ ላይ እያለቀሰች፣ "ባል ጥሎኝ ሲሄድ ያነሳኝን ወንድሜን ሸጥሽብኝ" አለቻት። ያቺ ጉንጯን የቆነጠጠች ጎረቤት ኸሰብ ገበያ ላይ አይታት መንገድ ቀየረች። ሰዉ የተቆጣው እውነቱን ስላወጣች ብቻ አልነበረም። መጀመሪያ ተስማምታ ኋላ የከዳች መስሎት ነው። አልተስማማሁም ብትል ማን ያምናታል? ማስረዳቱን ተወችው። የሳምንቱን መጨረሻ ኸሰብ በተከራየችው ክፍል ማሳለፍ ጀመረች። በዒድ ከአጎቷ ቤት የሚላክላት ሩዝና ሥጋ ቀረ። ከጦይባ ጋር በትምህርት ቤቱ ኮሪደር ሰላምታ ይለዋወጣሉ፤ ከሰላምታ አያልፉም።

በሚቀጥለው የብርድ ወራት ግምቱ እንደ አዲስ ተሠራ። ጀልባውም ነኾዳውም ከሩቅ ዳርቻ የመጡ ነበሩ። ሙዝና እንደገና ጣሪያው ላይ ወጣች። ብዙ ቀን ባዶ ውኃ ስታይ ዋለች። ኋላ ላይ፣ አንዱን ከአንዱ የሚለየው የጀርባ ክንፋቸው ፎቶ ተነስቶ ሲተያይ፣ በዚህም በዚያም መስመር የታዩት ብዙ ጊዜ እነዚያው ዶልፊኖች ሆነው ተገኙ። አዲሱ ግምት ከቀድሞው እጅግ ያነሰ ሆነ። ጀልባዎቹ በተራ እንዲወጡ ተደረገ። ቃሉን ላፈረሰው ለዑበይድ ተራ አልተሰጠውም። የሆቴሉ ሰው ፊቱን አዞረ፤ ሁለተኛው ጀልባም አልተሠራ። ትራሶቹ ተሸጡ፤ ዑበይድም ወደ መረቡ ተመለሰ።

አንድ ቀን ኸሰብ ወደብ ላይ ተገናኙ። እሱ በረዶ ወደ ዓሣ ሣጥን ይገለብጥ ነበር። ሁለቱም ሊተላለፉ ምንም አልቀራቸውም፤ እሱ ነው የተናገረው።

"ጥቂት ናቸው አሉ።"

"ጥቂት ናቸው።"

"አውቃለሁ" አለ፤ በረዶውን በእጁ እያስተካከለ። "አንቺ መስቀጥ ከሄድሽ ጊዜ ጀምሮ አውቃለሁ። ድሮ አንዴ ስመታ ይመጡ ነበር። ኋላ እግሬ እስኪዝል እመታለሁ፤ የሚመጡትም ያረጁት ናቸው።"

ሙዝና እስከዚያች ሰዓት ድረስ አንድ ነገር በልቧ አስቀርታለት ነበር። በዝተዋል ብሎ አምኖ ይሆናል፣ ያመነውን ነው ያስቆጠረው ትል ነበር። እሷም ብቻዋን ስትሆን የምትጠጋባት ጥግ ያቺ ነበረች።

"እያወቁ?" አለች።

"እያወቅሁ።"

"ለኔ እንኳ አይነግሩኝም ነበር?"

"ብነግርሽ ዝም ትዪ ነበር?"

"አልልም።"

"በይ እንግዲህ" አለና ክዳኑን ገጠመው። ከዚያ ሣጥኑን ትከሻው ላይ አድርጎ ወደ ጀልባው ሄደ። ትከሻው ያው ሰፊ ነው፤ እርምጃው ግን ከብዶት ነበር። ሙዝና ልትከተለው አልፈለገችም። ወደ ከተማው ስትመለስ ዓይኗ ደረቅ ነበር፤ ማታ ግን ያሞቀችውን ራት መብላት አልቻለችም።

ሙቀቱ ሲጀምር፣ ኩምዛር እንደ ልማዷ ለቴምር ለቀማ ወደ ኸሰብ ስትጎርፍ፣ እናቷ በሯን አንኳኳች። ሌሎቹ የወንድሟ ቤተሰቦች የዘንባባ ጎጆዎቻቸው ዘንድ ወርደዋል፤ እሷ ግን ፍራሿን ጠቅልላ በራሷ ላይ ተሸክማ ነው የመጣችው። የደረቀ ዓሣ ከረጢትም ይዛለች። "ካንቺ ጋር ልኖር ነው" አለች። ስለ ወንድሟ አላነሳችም፤ ሙዝናም አልጠየቀችም። አብረው ፍራሹን ፈቱ፣ ግድግዳው ሥር አነጠፉት።

እናቷ ተቀምጣ ክፍሉን ዙሪያውን ቃኘችው። "መስኮቱ ወደ ባሕር ያያል?" አለች።

"አያይም። ወደ ተራራው ነው።"

"ደግ፤ ባሕሩን ጠግቤዋለሁ" አለች እናቷ፤ ነጠላ ጫማዋንም አወለቀች።